ዕጣ ያልወጣላት እንቁራሪት

ምንጫችን ሦስት ዓይን ነበራት። አንደኛው ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ ሁለተኛው ከኮሶው ዛፍ ጎን፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ዝቅ ብሎ ጨፌው አፍ ላይ ይፈልቅ ነበር። እኛ ከላይኛው እንቀዳለን፣ ከብቱ ከታችኛው ይጠጣል፣ መካከለኛውን ግን ማንም አይነካውም። ልጅ ሆኜ ምነው ብዬ እናቴን ስጠይቃት፣ «እሱ የባለቤቲቱ ነው» ትለኝ ነበር። ባለቤቲቱ እንቁራሪት ናት።

ትንሽ ናት፤ አውራ ጣቴ ላይ ብትቀመጥ ቦታ ይተርፋታል። ጀርባዋ እንደ እርጥብ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ ቀጭን ቢጫ መስመር አለባት። እንደ ወንዝ እንቁራሪት አትጮኽም። ድምፅዋ ሁለት ጠጠር ሲጋጭ እንደሚሰማው ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ትንሽ ዝም፣ ደግሞ ጠቅ። ክረምት ሊገባ ሲል ጉሙ ሜዳው ላይ ሲተኛ በቀን ብርሃን ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ገበሬው ድምፁን ሲሰማ ሞፈሩን ያያል፣ እኛም የቤቱን ክዳን እናያለን።

እናቴ እንስራዋን ሞልታ ስትጨርስ ቅሉ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ውሃ አትጠጣትም፣ አትደፋትምም። ሄዳ መካከለኛው ዓይን ውስጥ ትመልሳታለች።

«እኔ ልጠጣት» እላታለሁ።

«አንቺ ጠጥተሻል። ነገም ትጠጫለሽ።»

ስዳር ሩቅ አልሄድኩም፤ እዚያው መንደር፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ገባ ብሎ ነው። ውሃዬ ያው ምንጭ ነበር። የእናቴንም ልማድ ይዤ ብዙ ዘመን ቆየሁ። የተውኩት ተጣልቼ ወይም ንቄ አይደለም። ቢጫው ጀሪካን መጣ። ጀሪካን አፉን ውሃው ሥር ደቅነው ይሞላል፤ ቅል አይፈልግም። ቅል ከሌለ ቅል ውስጥ የሚተርፍ ውሃም የለም። እንዲሁ ሳላስተውለው ቀረ።

ከምንጯ በታች ያለው ጨፌ የወል ነበር። በጋም ክረምትም እርጥብ ነው። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከዚያ ነው የሚታጨደው፤ ልጃገረዶችም ለአዲስ ዓመት እንግጫ የሚነቅሉት ከዚያ ነው። አንድ ዓመት ይህ ጨፌ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይከፋፈል ተባለና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰብን። የስም ዝርዝር ተነበበ። አንዲት ሴት የለችበትም። መንደራችን ውስጥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው አራት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ተነሣሁ።

«እኛስ?» አልኩ።

«እቴ፣ ይሄ ለወጣቱ ነው። ተቀመጪ» አለኝ የቀበሌው ሊቀመንበር።

«ወጣቱ ከየት መጣ? እንደ ምንጯ ከድንጋይ ሥር ፈለቀ?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ቤት ያላት ሴት ምን ጎድሎባት ነው?» አለ።

«የተነሣሁት እግሬን ላፍታታ አይደለም። የወል ከሆነ የኛም ነው። የኛ ካልሆነ ደግሞ ሳሩን ሃያ ዓመት ሙሉ ስንጠብቅ የኖርነው የማንን ነው? ደመወዛችንን ክፈሉንና እንቀመጣለን።»

ያን ጊዜ አንድ ጎረቤታችን እጁን አነሣ። ንብ አናቢ ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንም አያ ብለን ነው የምንጠራው። «ሴቶቹም ይግቡ፣ እውነት አላቸው» አለ። «እኔ የምለው ሌላ ነው። ብትካፈሉም የምንጯ ዙሪያ ይተው። ጨፌው ከደረቀ ዓይኗ አይቆይም። እዚያ ውስጥ የሚኖር ፍጥረትም አለ።»

እኔ ነኝ የመለስኩለት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። «አያ፣ አንተ ሦስት ጥማድ መሬት አለህ» አልኩት። «የጠገበ ሰው ነው ለእንቁራሪት የሚያዝን።»

ከፊተኛው ይበልጥ ተሳቀ። አያ ከዘራውን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ምንጯ የተናገረ አልነበረም። እኛም ዝርዝሩ ውስጥ ገባን። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነትም አሸንፌ ነበር።

ዕጣው የተጣለው እንደ ድሮው ነው። መሬቱ እኩል እኩል ተሸነሸነ፤ በገመድ ሲለካ ከጎኑ ቆሜ ገመዱ ሲላላ «ወጥር!» እያልኩ ነው የተለካው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት አመጣ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ፣ አንዱ የፍየል በጠጥ፣ አንዷ ቀይ ክር። እኔ የሟች ባሌን የካፖርት ቁልፍ ሰጠሁ። ሁሉም በአንድ ነጠላ ጫፍ ውስጥ ተደባለቀና በመንገድ የሚያልፍ፣ የማን ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ እያነሣ በየሽንሽኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አላውቅም። የኔ ቁልፍ ከምንጯ ዓይኖች ጎን ባለው ሽንሽን ላይ አረፈች።

ዕጣችንን አይተን ተመራረቅን። ያመጣነው ምልክት ሁሉ ቦታውን አገኘ። ያላመጣ እንዳለ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በመጀመሪያው ዓመት ገብስ ዘራን፤ ሥሩ በሰበሰ። እንዲህ ያለ ረግረግ ላይ ገብስ ይሞታል፣ ባሕር ዛፍ ግን ይስቃል። አንዱ ተከለ፣ ሌላው አየና ተከለ፤ እኔም ተከልኩ። መዋሸት አልወድም፤ ዛፉ ጠቅሞኛል። አጠናውን ሸጬ የቤቴን ሣር አንስቼ ቆርቆሮ አለበስኩ። እናቷ ስትሞትብኝ ያሳደግኳትን የልጅ ልጄን አምባ ጊዮርጊስ አስተማርኩ፤ ከዚያም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የዓመት ልብሷም ደብተሯም ከዚያው ዛፍ ነው የወጣው። አብራኝ ዕጣ ያወጣችው መበለት ጎረቤቴ ደግሞ ልጇን የዳረችው በዚያው ዛፍ ነው።

መጀመሪያ የተዘጋው የከብቶቹ ዓይን ነው። ዝናብ አንሷል አልን። ቀጥሎ መካከለኛው ቆመ። ላይ የተሠራው መንገድ ነው አልን፤ አንዳንዱም ኃጢአታችን ነው አለ። የላይኛው ብቻ ቀረና እሱም ቀጠነ፤ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ፀሐይ ከትከሻ እስከ አናት ትደርሳለች። ሴቱ መጣላት ሲጀምር እኔ ተራ አስከባሪ ሆንኩ። ዱላ ይዤ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። በኔ ጊዜ አንድም ሰው ካንዱ አስበልጦ አልቀዳም፤ የካህኑ ሚስትም ብትሆን፣ የኔ እህት ልጅም ብትሆን። የምትሞት ምንጭ እኩል እያካፈልኩ መሆኔን አላወቅኩም። ቄጤማውንም ለፋሲካ ከገበያ መግዛት ጀመርን። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ አንድ እቅፍ ቄጤማ ተሸክሜ በጨፌአችን በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ ሥር ያለው አፈር አቧራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ለመታከም ጎንደር ወረድኩና ማራኪ ሰፈር፣ የልጅ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር በተከራየችው ክፍል ሰነበትኩ። እዚያም ውሃ በተራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይመጣል ይባላል፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ የጀሪካን ሰልፍ ይዘረጋል። ሰዉ ቤቱ ገብቶ ሥራውን ይሠራል፣ ጀሪካኑ ይሰለፍለታል። አንድ ማለዳ ቧንቧው ጋ ቆሜ ሳለሁ ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሴቶቹ አንዲት ክዳን የሌላት ጀሪካን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ ወደፊት ሲያስጠጉ አየሁ። ባለቤት የላትም። ጠረጠርኩ።

«የማን ናት ይቺ? ሰው የሌላት ጀሪካን ምን ታደርጋለች እዚህ?» አልኩ።

አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ዞር ብላ አየችኝ። «የታመመች ሴትዮ ናት፣ እዛ ጥግ ያለው ቤት። መነሣት አትችልም።»

«ታዲያ ማን ይቀዳላታል?»

«እኛ ነና። ተራዋ ነው፣ እማማ።»

ደስ አለኝ። ጎንደር ከተማ ፍርድ አለ ብዬ ለልጅ ልጄ ሳወራላት ዋልኩ። እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። የምትማረው ስለ አራዊትና ስለ ዕፀዋት ነው። ስልኳን አውጥታ የእንቁራሪት ሥዕል አሳየችኝ።

«እማማ፣ ድሮ የምትነግሪኝ ይቺን ነው?»

«አይደለችም። ይቺ መስመሯ ነጭ ነው፣ የኛዋ ቢጫ ነው። ይቺ ደግሞ ወፍራም ናት፤ የከተማ መሆን አለባት።»

ሳቀችና ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ለመምህራችን ነገርኩት። እንዲህ ያለችው ከኛ ደጋ በቀር የትም ላትኖር ትችላለች አለኝ። ከኛ ጨፌ ከጠፋች ምናልባት ከዓለም ጠፋች ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት መቼ ነው?»

ባሌ የሞተበትን ቀን አውቃለሁ። ልጄ የሞተችበትን ሰዓት አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ መጨረሻ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ግን ፈልጌ አጣሁት።

በሚኒባስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንመለስ አብራኝ ነበረች። መንገዱን በሙሉ ያቺ ክዳን የሌላት ጀሪካን ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

በማግሥቱ ዶማ ይዘን መካከለኛውን ዓይን ልንጠርግ ወረድን። ልጅቱ አፈሩን ስትገልጠው የወጣው ጭቃ አልነበረም። ቀይ፣ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር የተጎነጎነ ሥር ነበር። የምንጯ ዓይን በሙሉ በሥር ተጠቅጥቋል። በእጄ ይዤ ስስበው አይመጣም።

«የማን ሥር ነው?» አልኩ።

ዶማውን ተቀብያት ሥሩን ተከትዬ መቆፈር ጀመርኩ። ሌላ ሰው ዛፍ ጋ ያደርሰኛል ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይየኝ፣ የሌላ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ስምንት እርምጃ ያህል ቆፍሬ ከራሴ የመጀመሪያ ዛፍ ግንድ ሥር ደረስኩ። የባሌ ቁልፍ ያረፈችበት ቦታ ነው።

ንዴቴ በልጅቱ ላይ ወጣ። «ይሄ ዛፍ ነው ያስተማረሽ! ያለሱ ዛሬ እዚህ ቆመሽ ሥር አትቆጥሪም!»

«አውቃለሁ» አለች። ተቀምጣ የእጇን ጭቃ በሣር ትጠርግ ጀመር። ጥፋተኛ እሷ የሆነች ይመስል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ያ ከሥሩ ይልቅ አሳዘነኝ።

በዚያው ሳምንት ዛፎቼን በሙሉ አስቆረጥኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን ተነሣሁና ያየሁትን ተናገርኩ። ሥሩንም በነጠላዬ ቋጥሬ ይዤ ነበር፤ አሳየኋቸው። ቢያንስ ከምንጯ አጠገብ ያሉት ስድስት ሽንሽኖች ይቆረጡ፣ ጨፌው ጨፌ ይሁን አልኩ። አያ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ከዘራውን ያያል። ወንዶቹ ግማሹ «እናስብበት» አለ፤ ያ አይሆንም ማለት ነው። ተነሥታ የመለሰችልኝ ያቺ መበለት ጎረቤቴ ናት።

«እቴ፣ ያን ጊዜ ማን ነው ያስገባኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነው እስክትሞቺ ያንቺ ነው ያለኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ የልጅ ልጅሽን አስተማርሽበት፣ ጨረስሽ። የኔ የመጨረሻዋ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። ባንቺ አፍ ያገኘሁትን ባንቺ አፍ ትወስጂብኛለሽ? ይሄ ነው ፍርድሽ?»

እውነት ነበራት። ምንጯም እውነት ነበራት። ሁለቱን እውነት በአንድ ገመድ የምለካበት ጥበብ ማንም አላስተማረኝም። ሥሩን መልሼ ቋጥሬ ተቀመጥኩ። የተቆረጠው የኔ ብቻ ሆነ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጅቱ እንደገና መጣች። መምህሯ ከሌላ ደጋ የቀዳውን፣ ለኛዋ ዘመድ ሊሆን የሚችል የእንቁራሪት ድምፅ በስልኳ ይዛ ነበር። ድምፁን ምንጯ ጋ ስናሰማ በሕይወት ያለች ካለች ልትመልስ ትችላለች አለችኝ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጉሙ ወርዶ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። አያ ሰምቶ ከዘራውን ይዞ መጣ። ሦስታችን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን።

ከስልኩ ውስጥ ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ትንሽ ዝም፣ ደግሞ ጠቅ።

የኛዋ አልነበረችም፤ የኛዋ ትፈጥናለች። ግን ቅርብ ናት። ልጅቱ አሰምታ ታቆማለች፣ እንጠብቃለን። እንደገና ታሰማለች፣ እንጠብቃለን። ከባሕር ዛፎቹ ቅጠል ጠብታ ሲወድቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሰምቼ እጄን አነሣሁ፤ የአያ ከዘራ ድንጋይ ነክታ ነው። ይቅርታ በሚመስል ዓይን አየኝና ከዘራውን ጭኑ ላይ አስተኛት። አመሻሽ ድረስ ቆየን።

«ዝጊው ልጄ፣ ባትሪሽን አትጨርሺ» አላት አያ በመጨረሻ። ቀጥሎ ወደኔ ሳይዞር፣ «እኔ የመጨረሻዋን ሰምቻታለሁ» አለ። «ያንቺ ዛፎች ትከሻዬ ላይ በደረሱበት ዓመት ነው። አንዲት ብቻ ነበረች። ሦስት ቀን ጠራች፣ የመለሰላት የለም። በአራተኛው ቀን ዝም አለች።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ትሰድቢኛለሻ።»

«እሰድብህ ነበር» አልኩት።

ልጅቱ ክንዱን ይዛው ወደ ቤት ወጣን። ይቅርታ ልጠይቀው መንገዱን በሙሉ አሰብኩ። ደጁ ስንደርስ፣ «ማር ቆርጫለሁ፣ ለልጅቱ ውሰጂላት» አለኝና ሳልጠይቀው ገባ።

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አሁን ሥራዬ እሱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ እየወረድኩ ከየጉቶው ዙሪያ የወጣውን ለጋ ቀንበጥ በእጄ እሰብራለሁ። ወገቤ አይታዘዘኝም፤ እየተቀመጥኩ ከጉቶ ወደ ጉቶ እሳባለሁ። ከሁለት ወር በፊት ቀና ስል መበለቷ ጎረቤቴ ቆማ ታየኛለች። ከእሑዱ ስብሰባ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወግ አልነበረንም።

«የኔን አልቆርጥም» አለችኝ።

«አልጠየቅኩሽም።»

«ልጅቷ እስክትጨርስ አልቆርጥም።»

«ሰምቼሻለሁ።»

ተቀመጠችና ከወዲያኛው ጉቶ ጀምራ የኔን ቀንበጥ ትሰብር ጀመር። እጇ ፈጣን ነው። ቀትር ሳይሆን ጨረስን።

መካከለኛው ዓይን ሥሩን ካወጣሁለት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ይረጥባል። እጄን አስገብቼ እነካዋለሁ፤ ይቀዘቅዛል። ውሃ ግን አይደለም፣ ይንጠባጠባል ለማለትም አይበቃም። ያን ቀን እዚያው ጎን ከወንዝ ተሸክሜ ያመጣሁትን ጀሪካን ከፈትኩ። ከቆጥ ያወረድኳትን የእናቴን ቅል አወጣሁ፤ ጠርዟ ተሸርፏል። ለጎረቤቴ ቀድቼ ሰጠኋት፣ ጠጣች። እኔም ጠጣሁ። ቅሉ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ይዤ ወደ መካከለኛው ዓይን ሄድኩና አፈሰስኳት። አፈሩ ወዲያው ጠጣት።

«ከወንዝ በጀርባሽ ያመጣሽውን?» አለች ጎረቤቴ። «ለማን ነው?»

«ለባለቤቲቱ።»

«የለችም እኮ፣ እቴ። አያ ነግሮናል።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ተራዋ ነው።»